የአንድን የአቦሪጅናል ቋንቋ ጽሑፍ ለአማርኛ ውክፔዲያ ማዘጋጀት፦ ከስም አጻጻፍ እስከ ተናጋሪ ቁጥር

ስለ አውስትራሊያ የአቦሪጅናል (የአህጉሩ ነባር ሕዝቦች) ቋንቋዎች በአማርኛ ውክፔዲያ መጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እሱን ወደ አማርኛ ብመልሰው አይበቃም ወይ?» መልሱ አይበቃም ነው። የቋንቋው ስም በፊደላችን ሲጻፍ የእንግሊዝኛውን ሆሄ ተከትሎ ይበላሻል፤ የተናጋሪዎቹ ቁጥር ከልዩ ልዩ ዓመታትና ከልዩ ልዩ ጥያቄዎች የተለቀመ ሊሆን ይችላል፤ በአውስትራሊያ የተለየ ትርጉም የያዙ ቃላት ደግሞ በመዝገበ ቃላት ፍቺ ሲመለሱ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደረጃ አስቀምጬዋለሁ። በምሳሌነት የምጠቀመው በአብዛኛው አደሌይድ ከተማ የተቆረቆረችበትን ምድር ሕዝብ ቋንቋ፣ ጋውናን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የውክፔዲያ መለያ ስምና የግዕዝ ፊደል መጻፊያ።
- ኦስትላንግ። ይህ በካንቤራ የሚገኘው የአውስትራሊያ የአቦሪጅናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሕዝቦች ጥናት ተቋም፣ በምህጻሩ አያትሲስ፣ ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የቋንቋዎች መዝገብ ነው። ቶረስ ስትሬት በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ያለው ባሕር ነው።
- ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ምንጮች፦ አንዱ የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ (ሰዋስው ወይም መዝገበ ቃላት)፣ ሌላው የቋንቋው ባለቤቶች ያቋቋሙት ማዕከል ያወጣው ጽሑፍ።
- የቋንቋው ሰዎች የቋንቋቸውን ስም ሲጠሩ የሚሰማበት የድምፅ ቅጂ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።
- የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ጽሑፍ፤ ወደ ምንጮች እንዲመራን እንጂ ራሱ ምንጭ እንዲሆን አይደለም። ውክፔዲያ ለውክፔዲያ ምስክር አይሆንም።

1. አንድ ቋንቋ ይምረጡ፤ ማንነቱንም በኮድ ያረጋግጡ

«የአቦሪጅናል ቋንቋ» የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። እንግሊዞች በ1788 እ.ኤ.አ. ሲሰፍሩ በአህጉሩ ላይ ከ250 በላይ የተለያዩ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። በዚህ ምክንያት የጽሑፍዎ ርእስ ስሙ የታወቀ፣ ምድሩ የታወቀ አንድ ቋንቋ መሆን አለበት።

ስሙን በኦስትላንግ ይፈልጉና ኮዱን ይመዝግቡ። ጋውና «ኤስ3» ነው፤ ዋልፒሪ «ሲ15» ነው፤ የዊራጁሪ ደግሞ «ዲ10» ነው። ኮዱ የሚያስፈልገው አንድ ቋንቋ በድሮ መጻሕፍት በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚገኝና ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎችም ተቀራራቢ ስም ሊኖራቸው ስለሚችል ነው። ኮዱን ካልያዙ የአንዱን ተናጋሪ ቁጥር ለሌላው ሊሰጡ ይችላሉ።

በዚሁ ደረጃ አንድ ነገር ይለዩ፦ የሚጽፉት ስለ ሕዝቡ ነው፣ ስለ አንድ ቋንቋ ነው፣ ወይስ ስለ ቋንቋዎች ስብስብ? ለምሳሌ ፒትጃንጃትጃራ፣ ያንኩኒትጃትጃራ፣ ፒንቱፒና ንጋኛጃራ የምዕራብ በረሓ ቋንቋ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ ሰንሰለት ውስጥ ይገባሉ፤ ተናጋሪዎቻቸው ግን እያንዳንዱን በየራሱ ስም ይጠሩታል። ሁለቱንም እውነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ይዞ «ዘዬ ነው» ብሎ መደምደም ግን ምንጩ ያላለውን ማለት ይሆናል።

2. ስሙን በፊደል ይጻፉ

ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት።

የላቲኑን ሆሄ ሳይሆን ድምፁን ይከተሉ። የጋውና ስም በላቲን ሲጻፍ በ«ኬ» ይጀምራል፣ በመካከሉም «አር» አለበት፤ ሆሄውን የተከተለ ሰው «ካውርና» ብሎ ይጽፋል። የቋንቋው ሰዎች ሲጠሩት ግን የሚሰማው ወደ «ጋውና» የቀረበ ድምፅ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፣ በአብዛኞቹ የአቦሪጅናል ቋንቋዎች የ«ከ»ና የ«ገ»፣ የ«ፐ»ና የ«በ»፣ የ«ተ»ና የ«ደ» ልዩነት ትርጉም አይለውጥም። በመሆኑም አንዱ ጸሐፊ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሆሄ ጽፎታል። ጋሚላራይና ካሚላሮይ የአንድ ቋንቋ ስሞች የሆኑት በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው፣ ከ«ኤል»፣ ከ«ኤን» ወይም ከ«ቲ» በፊት የሚታየው «አር» ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ድምፅ አይደለም፤ የምላስ ጫፍ ወደ ላይ ተቆልምሞ እንደሚነገር የሚያመለክት ምልክት ነው። አማርኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው «ር»ን መተው ከመጨመር ይልቅ ወደ ትክክለኛው ያቀርባል፤ «ዋርልፒሪ» ከማለት «ዋልፒሪ» የተሻለ ነው። በአሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ የሚነገረውን ቋንቋ ስም ሆሄውን ተከትሎ የሚጽፍ ሰው «አሬርንቴ» ይለዋል፤ ቅጂውን ያዳመጠ ግን «አረንደ» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል፤ ግዕዙ (የመጀመሪያው) ድምፅ ለዚህ ቋንቋ አናባቢ በጣም የቀረበ ነውና።

«ኝ»ንም ይጠቀሙበት። በላቲን በሁለት ሆሄ የሚጻፈው ይህ ድምፅ በብዙዎቹ ቋንቋዎች አለ፤ ለዚህ ነው ትልቁን የቋንቋ ቤተሰብ «ፓማ-ንዩንጋን» ከማለት «ፓማ-ኙንጋን» ብሎ መጻፍ የሚሻለው። ነገር ግን ስሙ በ«ኛ» ሲያልቅ ይጠንቀቁ። አደሌይድ በጋውና ታንዳኛ ትባላለች፣ ትርጉሙም የቀይ ካንጋሮ ስፍራ ማለት ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ግን «አማርኛ»ን ስለለመደ «ታንዳኛ»ን የቋንቋ ስም አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «ታንዳኛ የተባለው ስፍራ» ብለው ይግለጹት። በተቃራኒው ደግሞ «ጋውንኛ» ብለው አዲስ ስም አይፍጠሩ፤ «የጋውና ቋንቋ» በቂ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* «ጠ»ን፣ «ጰ»ን፣ «ጨ»ንና «ቀ»ን አይጠቀሙ፤ የአቦሪጅናል ቋንቋዎች እነዚህ ፈንጂ ድምፆች የሏቸውም። «ሰ»፣ «ሸ» ወይም «ፈ» ከጻፉም ቆም ብለው ቅጂውን እንደገና ያዳምጡ፤ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች እነዚህም ስለማይገኙ ስሕተት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ስሙን ከወሰኑ በኋላ ሌሎቹን የታወቁ አጻጻፎች ወደ ዋናው ገጽ የሚመሩ ገጾች አድርገው ይክፈቱ። በጋውና ቋንቋ ላይ የሚሠራው ቡድን በ2010 እ.ኤ.አ. የተሻሻለ የአጻጻፍ ሥርዓት ስለተቀበለ፣ ከዚያ በፊት የታተሙ መጻሕፍትና ከዚያ በኋላ የወጡ ጽሑፎች አንድን ቃል በተለያየ መንገድ እንደሚጽፉት ያገኙታል።

3. የቋንቋ ቤተሰብ ምደባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ

ፓማ-ኙንጋን ከአህጉሩ ስምንት እጅ ሰባቱን ያህል የሚሸፍን የቋንቋ ቤተሰብ ነው፤ ስሙ የተገኘው በሰሜን ምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባሉ ቋንቋዎች «ሰው» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት ቃላት ነው። ጋውና በዚህ ውስጥ የቱራ-ዩራ ቅርንጫፍ ነው። በሰሜን፣ በኪምበርሊና በአርነም ላንድ ያሉት ብዙ ቋንቋዎች ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ናቸው፤ «ፓማ-ኙንጋን ያልሆኑ» የሚለው መጠሪያ ግን የሌላ ቤተሰብ ስም ስላልሆነ «ሁለቱ ቤተሰቦች» ተብሎ አይጻፍም።

በቶረስ ስትሬት ምሥራቃዊ ደሴቶች የሚነገረው ሜሪያም ሚር የፓፑዋ ቋንቋ ነው። ክሪዮልና ዩምፕላቶክ ደግሞ እንግሊዝኛን መሠረት አድርገው ከቋንቋዎች መቀላቀል የተፈጠሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋዎች እንጂ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደሉም።

4. የተናጋሪዎችን ቁጥር ከነጥያቄው ይጻፉ

ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ማን ቆጠረ፣ መቼ ቆጠረ፣ ምን ብሎ ጠየቀ የሚሉት ሦስቱ አብረውት መኖር አለባቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአውስትራሊያ ሕዝብ ቆጠራ 76,978 የአቦሪጅናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ተወላጆች በቤታቸው የተወላጆችን ቋንቋ እንደሚጠቀሙ ተመዝግቧል፤ የተጠቀሱት ቋንቋዎችም 167 ናቸው። ለ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው ብሔራዊ የተወላጆች ቋንቋ ጥናት ግን በአገልግሎት ላይ ያሉትን ቢያንስ 123 አድርጎ፣ ሕፃናት እንደ አፍ መፍቻ እየተማሯቸው በአንጻራዊነት ጠንካራ የሆኑትን 12 ብቻ አድርጎ አስቀምጧል። ሦስቱ የቋንቋ ቁጥሮች (167፣ 123 እና 12) አይጣሉም፤ የተለያየ ጥያቄ መልሶች ናቸው። ቆጠራው እያንዳንዱ ቤተሰብ ስለራሱ የሰጠውን ቃል ይመዘግባል፤ ጥናቱ የየቋንቋውን ሁኔታ ይመዝናል። የ2021 ቆጠራ ጥያቄ ከቀድሞው «ይናገራል ወይ» ወደ «ይጠቀማል ወይ» መለወጡን ደግሞ አይርሱ፤ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን ማስታወስ ይገባል።

እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ይህን ያህል ሰዎች ቋንቋውን በቤታቸው እንደሚጠቀሙ አስታውቀዋል።» እንዲህ ግን አይጻፉ፦ «ይህን ያህል ተናጋሪዎች ብቻ ቀርተውታል።» «ብቻ» እና «ቀርተውታል» የምንጩ ቃላት አይደሉም፤ በተለይ በማንሠራራት ላይ ላለ ቋንቋ አቅጣጫውን ይገለብጡታል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቆጠራው የተካሄደው ኦገስት 10 ቀን 2021 ሲሆን በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ፤ «እ.ኤ.አ.» ሳይጨመርበት «2021 ዓ.ም.» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አንባቢውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስተዋል።

5. «የሞተ ቋንቋ» ከማለትዎ በፊት

የእንግሊዝኛ ሰንጠረዦች አንድን ቋንቋ በአንዲት ቃል «ጠፍቷል» ሊሉት ይችላሉ። ብዙ የቋንቋው ባለቤቶች ግን «እንቅልፍ ላይ ያለ» ማለትን ይመርጣሉ። ከሁለቱ አንዱን በራስዎ ቃል ከመፍረድ ይልቅ የሆነውን በዓመት ይጻፉ፤ ገለልተኛነትም የሚጠበቀው በዚህ ነው።

በጋውና ላይ እንየው። ታይኽልማንና ሹርማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን በ1840 እ.ኤ.አ. ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አሳተሙ። ቋንቋውን ከልጅነቷ እንደምታውቅ የሚነገርላት ኢቫሪጂ በ1929 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋውና ሰዎችና የቋንቋ ሊቃውንት በ1840ው መጽሐፍ ላይ ተመሥርተው ቋንቋውን ማስተማር ጀመሩ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ የሚመራ ቡድን በአደሌይድ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ዛሬ ሰው ሲገናኝ «ኒና ማኒ?» ተብሎ ደኅንነቱ ይጠየቃል፤ ከተማዋም ለአደባባዮቿና ለመናፈሻዎቿ የጋውና ስም ከእንግሊዝኛው ጎን አኑራለች። ይህን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው «ሞቷል» ወይም «አልሞተም» የሚል ፍርድ አያስፈልገውም።

*ማስጠንቀቂያ፦* የአማርኛ ጸሐፊ እዚህ ቦታ ሲደርስ ቋንቋውን ከግዕዝ ጋር ማነጻጸር ይቃጣዋል። ግዕዝ በቅዳሴና በመጻሕፍት ሳይቋረጥ የኖረ ሲሆን ጋውና ከጽሑፍ መዝገብ እንደገና የተነሣ ነው። ንጽጽሩን ያደረገ የታተመ ምንጭ ከሌለ በቀር ይተዉት፤ የራስን ምርምር በውክፔዲያ ማስገባት አይፈቀድምና።

6. ወጥመድ የሆኑ ቃላትን ይለዩ

ቃል በቃል የተመለሰ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሚከተሉት ላይ ነው፤ የውክፔዲያ የትርጉም መሣሪያ የሚያቀርበውን ረቂቅ ሲጠቀሙ በተለይ እነዚህን ይፈትሹ።

በአቦሪጅናል እንግሊዝኛ «አገር» የሚለው ቃል መንግሥት ያለውን አገር ሳይሆን አንድ ሕዝብ የኔ የሚለውን የአባቶቹን ምድር ያመለክታል። ደግነቱ አማርኛችን «አገርዎ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጎጃም»፣ «መንዝ» ብሎ መመለስን ያውቃል፤ ስለዚህ «የጋውና አገር» ይበሉ፤ «የጋውና ሀገረ መንግሥት» ወይም «ክልል» አይበሉ።

በእንግሊዝኛው የዝምድና ሥርዓት ገለጻ ውስጥ የሚገኘው፣ በመዝገበ ቃላት ፍቺው «ቆዳ» የሆነው ቃል ከሰውነት ቆዳም ከመልክም ጋር አይገናኝም። ለምሳሌ በዋልፒሪ ሰው ሁሉ ከስምንት የዝምድና ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ይወለዳል፤ ማን ማንን ማግባት እንደሚችልና ማን ለማን ወንድም እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። «የዝምድና ክፍል» ብለው ይጻፉት። ቃሉን «የቆዳ ስም» ብሎ የተወ ሰው አንባቢውን ወደ ዘር ቀለም ይመራዋል፤ ይህም ከባድ ስሕተት ነው።

ዋልፒሪዎች ጁኩርፓ የሚሉትን የፍጥረት፣ የሕግና የምድር ትምህርት እንግሊዝኛው ከሕልም ጋር በተያያዘ ቃል ጠርቶታል። «ሕልም» ብለው አይመልሱት፤ የቋንቋውን ቃል አስቀምጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያብራሩት። የማኅበረሰቡን ታላላቆች ሁሉ «ሽማግሌዎች» ማለትም አያስኬድም፤ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ «አባቶችና እናቶች» ወይም «ታላላቆች» ይሻላል።

ሕዝቡንም «አቦርጂኖች» ከማለት «የአቦሪጅናል ሕዝቦች» ማለት ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት አጠራር በአውስትራሊያ ያለፈበትና ቅር የሚያሰኝ ሆኗል። የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች የተለዩ ስለሆኑ በአቦሪጅናል ስም አይጠቃለሉም።

7. የተከለከለውንና የማይገባውን ይለዩ

አያትሲስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለቀለም የቋንቋዎች ካርታ በየቦታው ቢታይም የባለቤትነት መብት ያለበት ነው፤ ፎቶ አንሥተው አይጫኑት። ነጻ ፈቃድ ያለው ካርታ ከውኪሚዲያ ኮመንስ ይፈልጉ፤ ካላገኙ አካባቢውን በቃላት ይግለጹ።

የቃላት ዝርዝር ከመዝገበ ቃላት ላይ ገልብጠው አያስገቡ። የታዝማኒያ አቦሪጅናል ማዕከል ፓላዋ ካኒ ስለተባለው፣ ከድሮ መዝገቦች እንደገና ስለተገነባው ቋንቋ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ገጽ እንዲነሣ ጠይቆ ነበር፤ የውኪሚዲያ ድርጅት ግን ሕጉ በቋንቋ ላይ የቅጂ መብት አይሰጥም በማለት ሳይቀበለው ቀርቷል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ፣ ቋንቋቸውን በእጅጉ ተነጥቀው መልሰው የሰበሰቡ ሰዎች አጠቃቀሙን ራሳቸው ለመምራት መፈለጋቸው ግልጽ ምክንያት አለው። እኔ የማደርገው ሦስት ወይም አራት ምሳሌ ቃላት ከነምንጫቸው ሰጥቼ አንባቢውን ወደ ማኅበረሰቡ ገጽ መምራት ነው።

በብዙ ማኅበረሰቦች በቅርቡ ያረፈ ሰው ስም መጥራትና ምስሉን ማሳየት ይታቀባል። በታሪክ የታወቁ ሰዎችን ስም መጥቀስ ግዴታ በሆነበት ጊዜ ይጥቀሱ፤ ከዚያ ውጭ በቅርብ ያረፉ አስተማሪዎችንና መረጃ ሰጪዎችን ፎቶ ለጌጥ ብለው አይጨምሩ። ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የተፈቀደ የሥርዓት ቃል ወይም ታሪክ በድሮ መጽሐፍ ታትሞ ቢያገኙትም ይለፉት።

8. ረቂቁን ይጻፉና ያውጡ

በአባል ገጽዎ ሥር ረቂቅ ይክፈቱ። መግቢያው አራት ነገር ይመልስ፦ የማን ቋንቋ ነው፣ የት ይነገራል፣ ከየትኛው ቤተሰብ ነው፣ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው። ለምሳሌ፦

«ጋውና በደቡብ አውስትራሊያ በአደሌይድ ሜዳ የሚኖረው የጋውና ሕዝብ ቋንቋ ነው። ከፓማ-ኙንጋን ቤተሰብ በቱራ-ዩራ ቅርንጫፍ ይመደባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዕለት ተዕለት አገልግሎቱ ተቋርጦ የነበረ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1840 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር ላይ በመመሥረት በማንሠራራት ላይ ይገኛል።»

ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ምንጩን ያስገቡ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ መደርደር የትኛው ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ያደርጋል። ከእንግሊዝኛው የወሰዱት ክፍል ካለ በማስተካከያ ማጠቃለያው ላይ «ከእንግሊዝኛ ውክፔዲያ የተተረጎመ» ብለው የገጹን ስም ይጻፉ፤ የውክፔዲያ ፈቃድ ደራሲዎቹ እንዲጠቀሱ ያስገድዳል። ከዚያ በውኪዳታ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ገጾች ጋር ያገናኙት፣ «የአውስትራሊያ ቋንቋዎች» በሚል መደብ ውስጥ ያስገቡት፣ ስሙን ለምን እንደዚያ እንደጻፉትም በውይይት ገጹ ላይ በሁለት መስመር ያስረዱ። ይህን ካላደረጉ ሌላ አርታኢ በቅን ልቦና «ካውርና» ብሎ ይመልሰዋል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- *የካንጋሮ ተረት።* እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል «አላውቅም» ተብሎ ተመለሰለት፣ ከዚያም የእንስሳው ስም ሆኖ ቀረ የሚለው ሐሰት ነው። ቃሉ በ1770 እ.ኤ.አ. በኢንዴቨር ወንዝ ዳር ከጉጉ ዪሚዲር ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ጋንጉሩ» የአንድ ዓይነት ካንጋሮ ስም ነው።
- *ጽሑፉን በአስደናቂ ነገሮች ብቻ መሙላት።* ጉጉ ዪሚዲር «ግራ» እና «ቀኝ» በማለት ፈንታ «ሰሜን» እና «ደቡብ» እንደሚጠቀም መጻፍ ተገቢ ነው፤ ስለ ድምፆቹ፣ ስለ ሰዋስውና ስለ ዛሬው ትምህርቱ ምንም ሳይሉ በዚህ ብቻ ማብቃት ግን ቋንቋውን ትርኢት ያደርገዋል።
- *ማስረጃ አልባ ቅጽሎች።* «ጥንታዊ»፣ «ቀላል»፣ «ኋላ ቀር» የሚሉትን ይሰርዙ። የእነዚህ ቋንቋዎች ሰዋስው እጅግ የረቀቀ ነው፤ በዋልፒሪ ለምሳሌ የቃላቱ ተርታ ቢለዋወጥም አድራጊውና ተደራጊው በባዕድ ምዕላድ (በቃሉ ላይ በሚቀጠል ክፍል) ስለሚለዩ ትርጉሙ አይጠፋም።
- *በኃላፊ ጊዜ መጻፍ።* «ይኖሩ ነበር»፣ «ይናገሩ ነበር» የሚለው ሕዝቡ የሌለ ያስመስለዋል። ምንጩ ስለ ዛሬ ከተናገረ በዛሬ ጊዜ ይጻፉ።
- *ቁጥሩን አስገብቶ መርሳት።* ቀጣዩ የአውስትራሊያ ቆጠራ በ2026 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ገጹን በክትትል ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡት፤ ውጤቱ ሲወጣ አዲሱን ቁጥር ይጨምሩ፣ የ2021ኛውንም ከነዓመቱ ይተዉት።